ሬዲየሱን ሳያውቁ ስፋቱን ማግኘት

ለጂአርኢ (ለድኅረ ምረቃ ትምህርት መግቢያ ፈተና) እየተዘጋጀሁ ነው፤ ሰሞኑን ጂኦሜትሪ ላይ ነኝ። ከሠራኋቸው ጥያቄዎች ሁሉ አንዷን በጣም ስለወደድኳት ላካፍላችሁ።

መሐላቸው አንድ የሆነ ሁለት ክቦች አሉ፤ አንዱ ትልቅ፣ አንዱ ትንሽ። ከትልቁ ክብ ጠርዝ እስከ ጠርዝ የተሰመረ ኮርድ ትንሹን ክብ አንድ ነጥብ ላይ ብቻ ነክቶት ያልፋል። የኮርዱ ርዝመት 12 ነው። በሁለቱ ክቦች መካከል ያለው ቀለበት ስፋቱ (ወርዱ ሳይሆን የሚሸፍነው ቦታ) ከ110 ይበልጣል? ያንሳል? እኩል ነው? ወይስ በተሰጠው መረጃ ማወቅ አይቻልም?

የመጨረሻው ምርጫ ነው ወጥመዱ። የትልቁም የትንሹም ሬዲየስ አልተነገረንም። ጊዜውም ያጣድፋል፤ ለ27 የሒሳብ ጥያቄዎች የሚሰጠው 47 ደቂቃ ነው፣ ለአንዱ ሁለት ደቂቃ እንኳ አይደርስም። ሥዕሉን አይቶ በግምት መመለስም አያዋጣም። ጂአርኢ ላይ የጂኦሜትሪ ሥዕሎች የግድ በልካቸው የተሳሉ አይደሉም።

እኔ ከመሐሉ ነጥብ ሁለት መስመር አወጣሁ። አንዱ ኮርዱ ትንሹን ክብ ወደሚነካበት ነጥብ፣ ሌላው ወደ ኮርዱ ጫፍ። የመጀመሪያው የትንሹ ክብ ሬዲየስ ነው። ሬዲየስና ታንጀንት (ክቡን አንድ ነጥብ ላይ ብቻ የሚነካ መስመር፣ እዚህ ኮርዱ) ደግሞ በሚነካኩበት ነጥብ ሁልጊዜ በ90 ዲግሪ ነው የሚገናኙት። ከመሐል ተነስቶ ኮርድን በ90 ዲግሪ የሚያገኝ መስመር ኮርዱን እኩል ለሁለት ይከፍለዋል። ስለዚህ ግማሹ 6 ነው። ትልቁን ሬዲየስ «ት»፣ ትንሹን «ን» እንበላቸው። በፓይታጎረስ፦

ት² = ን² + 6²

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚቆመው። ሁለት የማይታወቁ፣ አንድ እኩልታ። ግን ጥያቄውን መልሳችሁ አንብቡት፤ «ት» ስንት ነው አላለም። የጠየቀው የቀለበቱን ስፋት ነው፤ እሱ ደግሞ π(ት² − ን²) ነው። ት² − ን² እጃችን ላይ አለ፣ 36። ስፋቱ 36π፣ ወደ 113 ገደማ። ከ110 ይበልጣል፣ አለቀ።

ለማመን የሚቸግረው ካለ ቁጥር ያስገባ። 10 እና 8 ቢሆኑ 100 ሲቀነስ 64፣ 36 ነው። 6.5 እና 2.5 ቢሆኑም 42.25 ሲቀነስ 6.25፣ ያው 36።

አቋራጭም አለ። ትንሹን ክብ ነጥብ እስኪሆን አሳንሱት። ያኔ ኮርዱ የትልቁ ክብ ዲያሜትር ይሆናል፣ ሬዲየሱ 6፣ ስፋቱ 36π። ምርጫዎቹ ቁጥር ብቻ ሲሆኑ ይሄ በቂ ነው፤ ጊዜ ይቆጥባል። «ማወቅ አይቻልም» የሚል ምርጫ ሲኖር ግን አንድ ምሳሌ ማስረጃ አይሆንም፣ ፓይታጎረሱን መሥራት ይሻላል።

ከዛ በኋላ ያገኘሁት ነገር ነው ይበልጥ ያስደሰተኝ። ጎኑ 12 የሆነ ካሬ ውሰዱ። አንድ ክብ በአራቱ ማዕዘኖቹ በኩል ይለፍ፣ ሌላው ውስጡ ሆኖ አራቱን ጎኖች ይንካ። የካሬው ጎን ለውጪው ክብ ኮርድ፣ ለውስጡ ታንጀንት ነው! ስለዚህ በክቦቹ መካከል ያለው ስፋት እንደገና 36π። ጎኖቹ እኩል የሆኑ ጎነ ሦስትም ያው ነው፣ ስኩዌር ሩት ውስጥ መግባት ሳያስፈልግ። እናንተ ደግሞ ጎኑ 10 የሆነ፣ ጎኖቹም ማዕዘኖቹም እኩል የሆኑ ባለ ስድስት ጎን ላይ ሞክሩት። 25π ካገኛችሁ ልክ ናችሁ።