ወፍጮ ቤት የታወቀው ጉድለት

በ2010 ዓ.ም. ከሶማሌ ክልል ተፈናቅለው በአዳማ ከተማ ዳርቻ ለሰፈሩ ወገኖች እህል ያከፋፍል በነበረ አንድ አነስተኛ የበጎ አድራጎት ድርጅት ውስጥ የንብረት ክፍል ኃላፊ ነበርኩ። እህሉ የሚገዛው በአብዛኛው ከከተማው ነዋሪ በተዋጣ ገንዘብ ነበር። ነጋዴው፣ የመንግሥት ሠራተኛው፣ የቤተ ክርስቲያንና የመስጊድ ማኅበራት፣ የአንድ ቀን ገቢያቸውን በፌስታል ሰብስበው ያመጡልን የባጃጅ ሾፌሮች ሳይቀሩ የአቅማቸውን ሰጥተዋል። የሾፌሮቹን ብር ከሒሳብ ሠራተኛዋ ጋር አብረን ስለቆጠርነው፣ አብዛኛው የአምስትና የአሥር ብር ኖት እንደነበረና ከአንዳንዱ ላይ የሞተር ዘይት ሽታ እንዳልለቀቀው እስከ ዛሬ ትዝ ይለኛል።

ለአንድ ሰው በወር የምንሰጠው በአገራችን በእርዳታ ሥራ ለረጅም ጊዜ ሲሠራበት የቆየውን ልክ ነበር፦ 15 ኪሎ እህል፣ አንድ ኪሎ ተኩል ጥራጥሬና ግማሽ ሊትር ያህል ዘይት። ይህ ለ30 ቀን ሲካፈል በቀን ግማሽ ኪሎ እህል ሲሆን፣ ከጥራጥሬውና ከዘይቱ ጋር ተደምሮ አንድ ሰው በቀን ያስፈልገዋል ከሚባለው 2,100 ካሎሪ ጋር ይቀራረባል። ከዚህ ልክ ላይ የሚነሳ ትርፍ የለም፤ የሚቀነሰው ሁሉ ከሰው ዕለታዊ ጉርሻ ነው። እንዲያውም ተረጂው ለወፍጮና ለጋሪ የሚከፍለው ገንዘብ ስለማይኖረው፣ ብዙ ጊዜ ከዚያው ከእህሉ ላይ ሸጦ ነው የሚከፍለው።

ትልቅ ሚዛን የነበረን አንድ ብቻ ስለነበረና ሽማግሌና ነፍሰ ጡር በፀሐይ ሲጉላሉ ማየት ስለከበደን፣ ከባዶ የዘይት ቆርቆሮ መስፈሪያ እንዲሠራ ያደረግሁት እኔው ነበርኩ። ቆርቆሮውን በሚዛን ላይ አስቀምጠን ስንዴ ሞልተን አፉን እየቆረጥን አስተካከልነውና፣ በአፉ ልክ ሲሞላ ልክ 3 ኪሎ የሚይዝ ሆነ። ለአንድ ሰው አምስት ቆርቆሮ ማለት ነው። ሰልፉ ከበፊቱ ቶሎ ይገባደድ ጀመር፤ ሁሉም ደስ አለው፤ እኔም ጥሩ ነገር እንደሠራሁ ተሰማኝ።

በመጋቢት ወር ስንዴ በዋጋም በአቅርቦትም ስላልተመቸን በቆሎ ገዛን። 1,500 ለሚሆኑ ሰዎች 450 ጆንያ፣ ማለትም 22,500 ኪሎ በሞዴል 19 (በንብረት መቀበያ ደረሰኝ) ገቢ ሆነ፤ በዚያው ቆርቆሮ፣ በዚያው አሠራር ታደለ። መስፈሪያው የተለካው በስንዴ መሆኑን ያስታወሰ ሰው አልነበረም።

በማግሥቱ አንዲት እናት ወደ ቢሯችን መጡ። ስድስት ነፍስ ያለበት ቤት ያስተዳድራሉ። የጋሪ ኪራይ ሁለት ጊዜ ላለመክፈል የወሩን እህል ሁሉ በአንዴ አስጭነው ወፍጮ ቤት ሲወስዱ፣ ባለወፍጮው የሚያስከፍለው በኪሎ ነውና መዘነው፤ 83 ኪሎ እንኳ አልሞላም። ሊሞላ የሚገባው 90 ነበር።

«አዴ፣ የወፍጮ ቤት ሚዛን አይታመንም» አልኳቸው።

«ልጄ፣ ባለፈው ወር ስንዴውን በዚሁ ሚዛን ነው የመዘነልኝ፤ ያኔ ሞልቶ ነበር እኮ» አሉኝ።

ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አንድ የንብረት ሠራተኛ ከየት ሊያገኝ ይችላል? አንዱ ሚዛን ስንዴውን ሙሉ፣ በቆሎውን ጎዶሎ ካለ፣ የተለወጠው እህሉ እንጂ ሚዛኑ አይደለም። እኔ ግን የሰማሁት ቅሬታቸውን እንጂ የነገሩኝን ነገር አልነበረም። ወደፊት እናጣራለን ብዬ በትሕትና ሸኘኋቸው፤ ስማቸውንም በመዝገብ አላሰፈርኩም። በሥራ ዘመኔ ካደረግኋቸው ነገሮች ሁሉ የሚቆጨኝ ይህ ነው።

ከሦስት ቀን በኋላ የወር መጨረሻ ቆጠራ ስናደርግ፣ የንብረት ገቢና ወጪ በሚመዘገብበት በቢን ካርዱ ላይ ቀሪው ዜሮ ሆኖ ሳለ መጋዘኑ ውስጥ 34 ጆንያ ተኩል በቆሎ ተገኘ። ሥራ አስኪያጁ ተደሰቱ፤ እህሉ 1,725 ኪሎ ስለሆነ አዲስ ለመጡ 115 ሰዎች የአንድ ወር ቀለብ እንደሚበቃ ወዲያው አስልተው ዝርዝር እንዲዘጋጅ አዘዙ። ሐሳባቸው በቅንነት የመጣ ነበር፤ በዚያን ሰዓት እኔም ደግፌያቸዋለሁ። የተቃወሙት ዕድሜያቸውን በእህል መጋዘን ያሳለፉት አንጋፋው የመጋዘን ሠራተኛችን ብቻ ነበሩ። «በእህል ቤት ጉድለት አይቻለሁ፤ ይህን የሚያህል ትርፍ ግን ዝም ብሎ አይመጣም። የማነው?» ብለው ጠየቁ።

«ጋሼ፣ የሁሉም ተሰጥቷል፤ በፊርማ የተረከቡበት ሰነድ አለ» አልኳቸው። እርሳቸው መልስ ሳይሰጡኝ ቆርቆሮውን አነሱና ከጎረቤት ሱቅ የጠረጴዛ ሚዛን እንድንዋስ አደረጉ። ከወለል ተጠርጎ በተቀመጠው ስንዴ መጀመሪያ ሞሉት፤ ሦስት ኪሎ ሆነ። ስንዴውን ገልብጠው በቆሎ ሞሉበት፣ አፉን በእንጨት ጠርገው አስተካከሉት፤ 2 ኪሎ ከ760 ግራም ሆነ። ሦስት ጊዜ ደገሙት፤ ለውጥ አልነበረውም። የበቆሎው ፍሬ ትልቅና ጠፍጣፋ በመሆኑ በፍሬና በፍሬ መካከል ባዶ ቦታ ይተዋል፤ ስንዴው ግን ጥቅጥቅ ብሎ ይቀመጣል። ቆርቆሮው የሞላ ይመስላል እንጂ ከውስጥ አየር አለበት።

240 ግራም በአምስት ሲባዛ 1 ኪሎ ከ200 ግራም ነው። ይህ ለአንድ ሰው ከሁለት ቀን የሚበልጥ ቀለብ ሲሆን፣ በ1,500 ሰው ሲባዛ 1,800 ኪሎ ይሆናል። ሥራ አስኪያጁ ለአዲስ መጪዎች ያሰቡት እህል በፊርማቸው ሙሉ ተቀብለናል ካሉት ሰዎች ላይ የቀረ ነበር፤ የፈረሙትም በእኛ ቆርቆሮ ተማምነው ነው።

በ2015 ዓ.ም. ሰኔ ወር የዓለም የምግብ ፕሮግራምና የአሜሪካ መንግሥት የተራድኦ ድርጅት፣ እህሉ ለታለመለት ሰው ሳይደርስ ወደ ሌላ እየሄደ ነው በሚል ምክንያት በመላ አገሪቱ የምግብ እርዳታቸውን ለጊዜው ባቆሙበት ወቅት፣ የሰው ሁሉ ወሬ ስለ ሌቦች ነበር። መወራቱ ተገቢ ነው፤ የተራበ ሰው እህል የሚሰርቅ ሊጠየቅ ይገባል። እኛ ቤት ግን አንድ ፍሬ የሰረቀ ሰው አልነበረም፤ ሰነዱ ሁሉ ተሟልቷል፤ ኦዲተር ቢመጣ ኖሮ ያመሰግነን ነበር። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው የተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች የጋራ ሪፖርት በ2023 በዓለም ላይ 733 ሚሊዮን ያህል ሰዎች እንደተራቡ ይገልጻል። ያንን ቁጥር ሳነብ ስለ ተሰጠው ቶን ከመጠየቄ በፊት በመጨረሻው ቦታ ላይ እህሉ በምን እንደተሰፈረና የጎደለበት ሰው ለማን እንደሚናገር ማወቅ እፈልጋለሁ።

ለሥራ አስኪያጁ በዚያው ቀን በጽሑፍ አመለከትኩ፤ እርሳቸውም ሳያንገራግሩ የአዲስ መጪዎቹን ዝርዝር ለሌላ ግዢ አስተላለፉት። ከ1,800 ኪሎው ውስጥ በመፍሰስና ቆርቆሮው አንዳንዴ ከአፉ በላይ ተቆልሎ በመሰፈሩ መጋዘን ውስጥ ያልተገኘውን 75 ኪሎ ገዝተን ሞላን። መዋጮ ለሰጡት ሁሉ የሆነውን በግልጽ እንንገር ወይስ አንንገር የሚል ክርክር ተነስቶ ነበር፤ መዋጮው ይቀንሳል ብለው የሰጉም ነበሩ። በመጨረሻ በስብሰባ ላይ ቆሜ የተናገርኩት እኔ ነኝ። የባጃጅ ሾፌሮቹ ተወካይ እስከ መጨረሻው ካዳመጠ በኋላ አንድ ሚዛን ስንት እንደሚያወጣ ጠየቀኝ፤ በሳምንቱም ከማኅበሩ አባላት አዋጥቶ ሁለተኛ ሚዛን ገዝቶ አመጣ።

የጎደለው እህል በሚታደልበት ቀን እኚያን እናት በሰልፉ መካከል አግኝቼ፣ ባለፈው ስላላዳመጥኳቸው ይቅርታ ጠየቅኋቸው። «ይሁን ልጄ» ብለው ወደ ሚዛኑ አለፉ። የሚደርሳቸው 7 ኪሎ ከ200 ግራም ነበር። በቆሎው ሲመዘን ከሚዛኑ አጠገብ ጎንበስ ብለው፣ መርፌው መወዛወዙን እስኪያቆም ድረስ አዩትና፣ ከዚያ በኋላ የጆንያቸውን አፍ አሰሩ።