የቁልፍ መያዣ ጂግ፣ ሦስተኛው ዙር፦ 24 ፍሬ በአንድ ጭነት

ቦታው ደሴ ነው። ሥራው ከዋንዛ በተቆረጠ ቁልፍ መያዣ ላይ በሌዘር ስም መቅረጽ ሲሆን መጠኑ 60 በ25 ሚሊ ሜትር፣ ውፍረቱ 5 ነው። እያንዳንዱን በቀይ ነጥቡ እያነጣጠሩ መሥራት ይቻላል፤ ግን አንዱ ስም ወደ ግራ፣ ሌላው ወደ ታች ይሄዳል፣ ጎን ለጎን ሲሰቀሉም ያስታውቃል። ለዚህ ነው ጂግ፣ ማለትም እያንዳንዱን እንጨት በቦታው የሚይዝ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ሰሌዳ፣ የሚያስፈልገው። አሁን ያለው ጂግ 24 ፍሬ ይይዛል፤ 4 ዓምድ በ6 ረድፍ፣ 300 በ200 የሆነ የ3 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ ላይ። ከአንዱ ቀዳዳ ጠርዝ እስከ ቀጣዩ ተመሳሳይ ጠርዝ በርዝመት 70፣ በወርድ 31 ሚሊ ሜትር ነው።

ከሁሉ በፊት፣ ጂጉን ሌላ ቦታ አስቆርጣችሁ አታምጡ። ስሙን የሚቀርጸው ያው ማሽን፣ ከዚያው ፋይል፣ ሰሌዳው በቦታው እንዳለ ቀዳዳዎቹን ይቁረጥ። ሰሌዳው ትንሽ ተንጋዶ ቢቀመጥ እንኳ ቀዳዳዎቹ የሚከተሉት የማሽኑን መሥመር ስለሆነ ጽሑፉና ቀዳዳው አይለያዩም። ላይትበርን (ማሽኑን የሚያዝዘው ሶፍትዌር) ላይ ቀዳዳዎቹን በአንድ ሌየር (ንብርብር)፣ ስሞቹን በሌላ አድርጉ። ቆርጣችሁ እንደጨረሳችሁ የቀዳዳዎቹን ሌየር ሳትሰርዙ እንዳይሠራ አድርጉት፤ ከተረሳ በሚቀጥለው ጭነት የ24ቱንም ጠርዝ ዙሪያውን ያቃጥላል።

በእጅ መጋዝ የተቆረጠ እንጨት አንድ ልክ አይሆንም። ከክምሩ 10 አንሥታችሁ በካሊፐር ለኩ። በዚህ ዙር ርዝመቱ ከ59.5 እስከ 60.3፣ ወርዱ ከ24.6 እስከ 25.4 ተገኘ። ቀዳዳው የሚበጀው ለትልቁ ነው፦ 60.6 በ25.8። በወርድ በኩል ሰፋ ያለ ክፍተት የተተወው እንጨት እርጥበት ሲጠጣ የሚያብጠው በጅማቱ አግድም ስለሆነ ነው፤ በጅማቱ ርዝመት የሚጨምረው ከቁጥር አይገባም። ኮምቦልቻ ሙቀት ላይ የደረቀ ዋንዛ የደሴ የሐምሌ ጉም ውስጥ ሲከርም፣ በበጋ ልክክ ብሎ የገባበት ቀዳዳ ይጠበዋል።

ጨረሩ የሚበላውንም ቁጠሩ። 20 በ20 ካሬ ቆርጣችሁ ቀዳዳውንም የወደቀውን ቁራጭም ለኩ፤ የልዩነታቸው ግማሽ ጨረሩ የበላው ነው። 0.2 ከወጣ፣ 60.6 እንዲሆን የምትፈልጉትን ቀዳዳ 60.4 አድርጋችሁ ሣሉት።

የመጀመሪያው ጂግ የከሸፈው ቀዳዳው በትልቁ እንጨት ልክ ሲበጅ ለትንሹ በሚፈጠረው ልቅነት ነው። 24.6 የሆነው እንጨት 25.8 ቀዳዳ ውስጥ 1.2 ሚሊ ሜትር ይዋልላል፣ አልፎም ይጣመማል። መፍትሔው ሁሉንም ወደ አንድ ጎን መግፋት ነው። በእያንዳንዱ ቀዳዳ ረጅም ጎን ላይ 25 ርዝመት፣ 1.5 ወርድ ያለው፣ እንጨቱን እንደ ስፕሪንግ የሚገፋ ምላስ ቁረጡ፤ ጫፉ ወደ ቀዳዳው 1.5 ይግባ፣ ከጀርባው 1.5 ሚሊ ሜትር የመተጣጠፊያ ክፍተት ይኑረው። ምላሱ በኮምፔንሳቶው የላይኛ ጅማት አቅጣጫ መሄድ አለበት፤ አግድም ከሆነ በሁለተኛው ቀን ይሰበራል። በኤምዲኤፍ (ከተጨመቀ የእንጨት ብናኝ በተሠራ ሰሌዳ) አትሞክሩት፣ ጅማት ስለሌለው ቶሎ ይቀነጠሳል። ፒቪሲ ፕላስቲክ ደግሞ ጭራሽ ማሽኑ ውስጥ አይግባ፤ ሲቃጠል የሚያወጣው ጋዝ ሳንባንም የማሽኑን ብረትም ይበላል።

ሁለተኛው ጂግ በትክክል እየሠራ ቆይቶ ድንገት 24ቱም ስሞች ግማሽ ሚሊ ሜትር ወደ ቀኝ ሸሹ። ሰሌዳው ተነሥቶ የሚመለሰው የማሽኑ አልጋ ላይ በስኳድራ ተለክተው በብሎን ከታሰሩ ሁለት ጣውላዎች ማዕዘን ውስጥ ነው፤ እዚያ ጥግ ትንሽ ጥላሸትና ብናኝ ተጠቅጥቆ ነበር። የሰሌዳውን ጥግ 5 ሚሊ ሜትር ያህል ሸርፉት፣ ብናኙ የሚቀመጥበት ያገኛል። ሲመለስም ማዕዘኑን በብሩሽ ጥረጉ።

ፎከሱን በእንጨቱ ፊት እንጂ በሰሌዳው ፊት አትለኩ፤ እንጨቱ 2 ሚሊ ሜትር ከፍ ብሎ ይወጣል።

መብራት የሚጠፋበትን ሰዓት አስባችሁ ፋይሉን አዘጋጁ። ማሽኑ 24ቱን ባንድ ላይ መሥመር በመሥመር ከጠረገ፣ መብራት ሲሄድ እየተሠራ ያለው ረድፍ 4ቱም ስሞች ግማሽ ላይ ይቀራሉ። የእያንዳንዱን ስም ፊደሎች ግሩፕ አድርጋችሁ አሞላሉን በግሩፕ ካደረጋችሁት አንዱን ሳይጨርስ ወደ ሌላው አይሄድም፤ ሰዓቱ ይረዝማል፣ የሚበላሸው ግን አንድ ፍሬ ብቻ ነው። መብራት ሲመለስ እንጨቶቹን ሳትነኩ ማሽኑን ሆም አድርጉና (ጭንቅላቱን ወደ መነሻ ነጥቡ መልሱና) ከቀረው ቀጥሉ። ሊሚት ስዊች (ጭንቅላቱ ጠርዝ መድረሱን የሚያሳውቅ ማብሪያ) ለሌላቸው ትናንሽ ማሽኖች ሰሌዳው ጥግ ላይ የመስቀለኛ ምልክት ቀድማችሁ አቃጥሉ፤ መነሻው የሚመለሰው በእሱ ነው።

ስለ ፊደሉ፦ ቁመቱ ከ5 ሚሊ ሜትር አይነስ። 3 ላይ የ«ሱ» እና የ«ሲ» ቅጥያ የፀጉር ያህል ትሆናለች፣ ጥላሸቱ ይውጣትና «ሰ» ይመስላል። ሰው ስሙን በስሕተት ተጽፎ አይቀበልም።

አሁን የሚሠራው ለክብ የሲኒ ማስቀመጫ የሚሆን ጂግ ነው። ክቡ 90 ዲግሪ የተከፈተ የቪ ቅርጽ ውስጥ ሲገፋ ወደ ጎን ሁሌም መሐል ይይዛል፤ ዲያሜትሩ በ1 ሚሊ ሜትር ቢበልጥ ግን መሐሉ ወደ ቪው አፍ 0.7 ይሸሻል። ስለዚህ ክቦቹን በ0.5 ልዩነት ለይታችሁ ደርድሩ፣ ለየምድቡም ጽሑፉን እንደገና አስቀምጡ።