የማይለቅ ፍሬን አይዝም

የእንጨት ሥራ ቤታችን ትልቁ ሰርኩላር መጋዝ፣ ማጥፊያው ሲጫን አንዳንዴ ሦስት ሳትቆጥር ቀጥ ይላል፤ አንዳንዴ ደግሞ 20 ሰከንድ ያህል መዞሩን ይቀጥላል። ረዳቴ «ጋሼ፣ ዛሬም አልቆምም ብሏል» ባለኝ ቁጥር ልቤ ድንግጥ ይላል። ጣት የሚበላው ቆሟል ተብሎ የታሰበ መጋዝ ነው።

ፍሬኑ ያለው ከሞተሩ ኋላ ነው። ኤሌክትሪክ ሲያገኝ ኮይሉ (ማግኔት የሚሆነው የሽቦ ጥቅል) ሳህኑን ስቦ ፍሬኑን ይለቃል፤ ሲቋረጥ ሞላዎቹ ሳህኑን የፍሬን ሸራው ላይ ይጫኑታል። እኔም ማቆሙን ብቻ ጠርጥሬ ሰጋቱራ ጠረግኩ፣ ሸራውን በብርጭቆ ወረቀት አሸሁ፣ መርካቶ ወርጄ አዲስ ሬክቲፋየር (የመስመሩን ኤሌክትሪክ ለኮይሉ ወደ ዲሲ የሚቀይር ዕቃ) ገዛሁ። አሮጌው ምንም አልነበረበትም። ሳምንት ሳይሞላው ያው ሆነ።

አንድ ቀን ከሰዓት፣ መጋዙ እየሠራ ሳለ የተቃጠለ ሸራ ሸተተኝ። እየሠራ! ያኔ እኮ ሸራው ምንም ሊነካው አይገባም።

ቴስተሩን ኮይሉ ላይ አስሬ ጠበቅኩ። 380 ቮልት በግማሽ ሞገድ ሬክቲፋየር ሲያልፍ 171 ቮልት ዲሲ ገደማ ይሆናል፤ ጠዋት ያየሁትም እሱን ነው። ጎረቤታችን በር ሠሪው ብየዳ ሲጀምር ግን ወደ 153 ወረደ። ለካ ሁለታችንም የምንስበው ከአንድ ቆጣሪ፣ በአንድ ቀጭን ገመድ ነው። ቮልቴጁ 10 በመቶ ሲወርድ የኮይሉ የመሳብ ጉልበት 20 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ዋናውን ማብሪያ አጥፍቼ፣ የሳጥኑን ቁልፍ ኪሴ ከትቼ፣ ከጋራዥ በተዋስኩት ፊለር (ስስ የብረት ምላስ መለኪያ) በኮይሉና በሳህኑ መካከል ያለውን ክፍተት ለካሁት፦ 0.9 ሚሊሜትር። የሞተሩ መመሪያ የሚለው 0.3 ነው።

ሸራው እየተበላ ሲሄድ ክፍተቱ ሰፍቶ፣ ኮይሉ ሳህኑን ከሩቅ የሚስብ ሆኖ ኖሯል። መጋዙ የሚነሳበት ቅጽበት ከብየዳው ጋር ከገጠመ ሳህኑ በደንብ አይሳብም። ሸራው ሲታሽ ይውላል፣ ይግላል፣ ፊቱ እንደ መስታወት ይለሰልሳል፤ ማታ ያዝ ሲባል ይንሸራተታል። ብየዳ በሌለበት ቀን ደህና የሚሆነውም ለዚህ ነበር።

አዲስ ሸራ አስገባሁ፤ ሦስቱን ዳዶ በየተራ ጥቂት ጥቂት እያዞርኩ ዙሪያውን 0.3 አደረስኩት። አንዱን ጎን ብቻ ካጠበቁት ሳህኑ ይጋደላል። ከቆጣሪውም ለብቻችን ወፍራም ገመድ አስጎተትኩ። አሁን በወር አንዴ እለካለሁ፤ 0.6 ሲጠጋ አጠብቃለሁ።

የመርካቶው ሬክቲፋየር መሳቢያ ውስጥ እንደታሸገ ነው። የሚፈልግ ካለ በግማሽ ዋጋ እለቃለሁ።