ብድር ከመጠየቄ በፊት የጠየቅኳቸው ሰዎች

ቦርሳ እየሰፋሁ ልሸጥ ነው ስል ሁሉም የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነበር፤ «ገንዘቡን ከየት ታመጣለህ?» እኔ ግን ብድሩን ለጊዜው ተውኩትና ሥራውን የሚያውቅ ሰው ፍለጋ ገባሁ። ስንት እንደሚያስፈልገኝ ሳላውቅ ስንት ልበደር?

የመጀመሪያው እርዳታ በነፃ ነው የተገኘው። አይኤልኦ የሚባለው ዓለም አቀፍ የሥራ ድርጅት ለጀማሪዎች ያዘጋጃቸው የሥልጠና መጻሕፍት ኢንተርኔት ላይ አሉ። ሥልጠናው ከ100 በላይ አገሮች ደርሷል። እውነቱን ለመናገር አንዳንዱ ገጽ እንቅልፍ ያመጣል። የወርሃዊ ገቢና ወጪ ሠንጠረዡ ግን ወርቅ ነው።

እሱን ሞልቼ ጡረታ የወጡ የሂሳብ ባለሙያ ጋ ሄድኩ። «እርዱኝ» አላልኩም፤ «ይህቺን አንድ ገጽ ይዩልኝ» ነው ያልኩት። ሰው ምን እንደተጠየቀ ካወቀ እምቢ ማለት ይከብደዋል። ትርፉን ዞር ብለው አላዩትም። ጣታቸውን ሦስተኛው ወር ላይ አሳርፈው፣ «ልጄ፣ ለጨርቁ መቼ ትከፍላለህ? ደንበኛውስ መቼ ይከፍልሃል?» አሉኝ። ጨርቅና ዚፕ እጅ በእጅ ነው። በብዛት የሚያዝዝ ደንበኛ ግን ዕቃውን ተረክቦም ወር ያስጠብቃል። ወረቀቱ ላይ አትራፊ ነኝ፤ ሦስተኛው ወር ላይ ግን ኪሴ ባዶ ነው።

ከዚያ በኋላ ብዙ ነገር ተቀየረ። የስፌት ማሽኑን መግዛት ትቼ ተከራየሁ። ከደንበኛ ግማሽ ቅድሚያ ክፍያ መጠየቅ ጀመርኩ። አንዳንዱ ጥሎኝ ሄደ፤ ይሂድ። ጨርቅ አቅራቢዬ ደግሞ እጅ በእጅ ስገዛ ከርሞ ካየኝ በኋላ በዱቤ ይሰጠኝ ጀመር፣ ያውም ዋጋ ሳይጨምር። የትኛው ቀለም እንደሚሄድ፣ የትኛው መጋዘን ውስጥ እንደሚከርም የነገረኝም እሱ ነው። ይህን የትኛውም ኮርስ አያስተምርም።

በመጨረሻ የተበደርኩት ካሰብኩት በጣም ያነሰ ነው። «መጀመሪያ የአገልግሎት ክፍያ አስገባና ብድሩን እንለቅልሃለን» የሚሉትን በሩቁ ሸሸኋቸው፤ ሿሿ ነው። የቀሩትን የጠየቅኳቸው ወለዱ በዋናው ብድር ላይ ነው ወይስ በቀሪው ዕዳ ላይ እያልኩ ነው። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። 12 በመቶ ተብሎ በየወሩ የሚከፈል የአንድ ዓመት ብድር፣ ወለዱ እስከ መጨረሻው በዋናው ብድር ላይ ከታሰበ፣ በቀሪ ዕዳ ስሌት ከ21 በመቶ በላይ ይሆናል። አንዱ አበዳሪ ጠቅላላ የምመልሰውን በወረቀት ጽፎ ሰጠኝ። ሌላው «አታስብ፣ ትንሽ ነው» አለኝ። የጻፈልኝን መረጥኩ።