እናቴን በግጥም አለቀስኳት

እናቴ ደብረ ማርቆስ ስታርፍ እኔ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነበርኩ። የጥገኝነት ጉዳዬ ገና ውሳኔ አላገኘም። ከወጣሁ መመለሻ የለኝም። ስለዚህ አልቀበርኳትም። ብዙዎቻችሁ ይሄን ታውቁታላችሁ፤ ያላወቃችሁት ደግሞ አትወቁት። ከዚያ በኋላ የመጡትን ወራት ያሻገረኝ ግጥም ነው። እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ፣ ምናልባት አንዳችሁን ይጠቅማል።

መርዶው እንደ አገራችን ወግ ማለዳ ነው የተነገረኝ። ጓደኞቼ ተጠራርተው ገና ሳይነጋ በሬን አንኳኩ። ማንም ምንም ሳይናገር የአንዷን ነጠላ አለባበስ አይቼ ገባኝ። አዘቅዝቃ ነው የለበሰችው።

ሦስት ቀን ቤቴ በሰው ሞላ። ምስሩ፣ ፓስታው፣ የውሃው ካርቶን፣ ከየቤቱ የተሰበሰበው ወንበር። ፈጣሪ ብድራቸውን ይክፈላቸው። ከዚያ በኋላ ግን ሁሉም ሥራ አለው፣ እኔም አለኝ። አረጋውያንን ነው የምንከባከበው፣ በሌሊት ፈረቃ። የሰው እናት አገላብጬ፣ አጥቤ፣ መድኃኒት ሰጥቼ ጠዋት ቤቴ እገባለሁ፤ የራሴን ግን አፈር እንኳ አላለበስኳትም። ይሄ ነገር ደረቴ ላይ ቁጭ አለ። ሰው «አይዞሽ» ይላል፣ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ይላል፣ ከልቡ ነው፣ አውቃለሁ። ግን አንዱም ወደ ውስጥ አልገባልኝም። እንባም እምቢ አለኝ።

አንድ ቀን አክስቴ በቴሌግራም ድምፅ ላከችልኝ። ከቀብሩ በኋላ ቤት የተለቀሰውን የሆነ ሰው በስልኩ ቀድቶት ነው። ሙሾ የምታወርደው ሴት ድምፅ ይሰማል፣ ከኋላ ደግሞ ለቀስተኛው እየተቀበለ ያነባል። መሃሉ ላይ እንዲህ የሚል አለ፦

ጎረቤት ሰብስቦ፣ ቡናው ቀዘቀዘ፤
እመቤቷ ሄዳ፣ ደጃፏ ተከዘ።

እዚያ ጋ ስደርስ ለቀቀኝ። አለቀስኩ፣ ድምፅ አውጥቼ።

በኋላ ለምን ይሄ ሁለት መስመር እንደሰበረኝ ብዙ አሰብኩ። አልቃሽ ዝም ብላ አትጀምርም። ለቅሶ ቤት ስትደርስ ወደ ዘመድ ጠጋ ብላ ትጠይቃለች፦ ሟች ማን ናት፣ ምን ትወድ ነበር፣ ልጆቿ የት ናቸው፣ ማን ቀድሟት ሞቷል። የሰማችውን ይዛ እዚያው በቃሏ ትገጥማለች። ስለዚህ ሙሾው ስለ ሞት አይደለም፣ ስለ አንዲት ሴት ነው። የእናቴን በር የሚያውቅ ሁሉ ያንን ቡና ያውቀዋል። ከሰዓት በኋላ ረከቦቱ ቀርቦ፣ ሦስቱም ጎረቤቶች በርጩማቸውን ይዘው፣ እሷ ደግሞ ጀበናውን ይዛ ቆማ ሌላ ሰው ስትጠራ። አልቃሿ «ጽኑ» አላለችም። ቡናው ቀዘቀዘ ነው ያለችው። የሆነውን ነገር በስሙ ጠራችልኝ፣ በቃ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ግጥም መፈለግ ጀመርኩ። የማጽናኛ ግጥም የሚባለውን ሳይሆን ያለሁበት ቦታ ላይ ያለውን። ገብረ ክርስቶስ ደስታን ያገኘሁት ያኔ ነው። በእርግጥ ከትምህርት ቤት ጀምሮ ስሙን አውቀዋለሁ፣ ሰዓሊነቱንም ጭምር። ሐረር ተወልዶ፣ ጀርመን ተምሮ፣ አገሩ ተመልሶ ሲሠራና ሲያስተምር ኖሮ፣ በመጨረሻ ስደት ወጥቶ በ1981 በፈረንጆቹ እዚሁ አሜሪካ፣ ኦክላሆማ ውስጥ አረፈ። «መንገድ ስጡኝ ሰፊ» የተባለው የግጥም መጽሐፉ የታተመው እሱ ከሞተ ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ይሄን ሳውቅ ስለ አገር የጻፋቸውን ግጥሞች በሌላ ዓይን አነበብኳቸው። አገሩ ሳይመለስ የቀረ ሰው ነው የሚያናግረኝ። ናፍቆቴን ማስረዳት አይጠበቅብኝም፣ ያውቀዋል።

አንድ ነገር ቶሎ ተማርኩ። ሐዘን ላይ ያለ ሰው መጽሐፍ ሙሉ ግጥም አይችልም። አንድ ግጥም በቂ ነው፣ ለሳምንት፣ ለሁለት ሳምንት። በእጄ ደብተር ላይ እገለብጠዋለሁ። ስልክ ላይ ማንበብ ለእኔ አልሠራም፤ ዓይኔ ይሮጣል፣ ከላይ መልእክት ይመጣል፣ ግጥሙ ሳይነካኝ ያልቃል። በእጅ ሲጻፍ ግን እያንዳንዱ ቃል ጋ ግድ ትቆያላችሁ። ከዚያ ጮክ ብዬ አነበዋለሁ፣ መኪና ውስጥ፣ ወደ ሥራ ስሄድ። ከዚያ በቃል እይዘዋለሁ። በቃል የተያዘ ግጥም ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ኮሪደሩ ጭር ሲል፣ መብራት ማብራት ሳያስፈልግ ከጎን ይገኛል።

ጮክ ብሎ ማንበብ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም እኔን በጣም የረዳኝ እሱ ነው። በአማርኛ ግጥም ብዙ የተለመደው የወል ቤት የሚባለው ነው። መስመሩ ለሁለት ይከፈላል፤ ስድስት ቀለም፣ ትንሽ እረፍት፣ እንደገና ስድስት። ቀለም ስል ፊደሉን ሳይሆን ጆሮ የሚቆጥረውን የድምፅ ክፍል ነው። ከላይ ያለውን ሙሾ ጮክ ብላችሁ ቁጠሩት፣ «ጎ-ረ-ቤት ሰብ-ስ-ቦ» ስድስት ነው፣ «ቡ-ናው ቀ-ዘ-ቀ-ዘ» ስድስት። ያቺ መሃል ላይ ያለችው እረፍት መተንፈሻ ናት። ሐዘን ትንፋሽ ይቆራርጣል፣ ያያችሁት ታውቁታላችሁ፣ ደረት ላይ ተጣብቆ አልወጣ አልገባ ይላል። እኔ ስድስት ብዬ፣ አርፌ፣ ስድስት ስል ትንፋሼ እየተስተካከለ መጣ። ጸጋዬ ገብረ መድኅን በራሱ መንገድ መስመሩን ስምንት በስምንት አድርጎ ስላስረዘመው «የጸጋዬ ቤት» ይሉታል። በጣም እወደዋለሁ፤ ግን በዚያ ሰሞን ያን ያህል ትንፋሽ አልነበረኝም። ለእሱ የደረስኩት ከወራት በኋላ ነው።

ከዚያ መጻፍ መጣ። ገጣሚ ለመሆን አይደለም። ሁሉም ሲያለቅስላት የእኔ ድምፅ ብቻ ስለጎደለ ነው። በእኛ ዘንድ ልጅ ለእናቷ ማልቀስ አለባት፣ ሰው መስማት አለበት። ባዶ ወረቀት ላይ እንደመጣልኝ ስጽፍ ሐዘኑ እየሰፋ ይሄድብኛል፣ ማቆሚያ የለውም። ስድስት በስድስት ውስጥ ስገባ ግን መምረጥ ግድ ነው። «ሞት ጨካኝ ነው» የሚል መስመር ለማንም እናት ይሆናል። ስለዚህ ከአልቃሿ የተማርኩትን አደረግኩ፣ ራሴን ጠየቅኩ። ምን ሆነ? የት ነበርሽ? ምን አየሽ?

ቀብሩን በቪዲዮ ጥሪ ነበር ያየሁት። የአጎቴ ልጅ ስልኩን ከፍ አድርጎ ይዞ። ኔትወርኩ ይቆራረጣል፣ ሥዕሉ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ እንደገና ሲመለስ ሰዎቹ ትንሽ ርቀው ሄደዋል። እና እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦

ልቀብርሽ ሳልመጣ፣ ወረቀቴ ታስሮ፤
ፎቶሽን በስልኬ፣ አየሁት ዘንድሮ።

ለአክስቴ ደውዬ አነበብኩላት። ዝም አለች። ከዚያ፣ «ያየሽው ሳጥኗን አይደል እንዴ ልጄ? ለምን ትሸሺዋለሽ?» አለችኝ። አክስቴ ፊደል አልቆጠረችም፤ ሙሾ ግን ከልጅነቷ ጀምሮ ጆሮዋ ውስጥ አለ። ልክ ነበረች። «ሳጥንሽን በስልኬ፣ አየሁት ዘንድሮ» ብዬ ለወጥኩት። ሳጥን የሚለውን ቃል አፌን ሞልቼ ያልኩት ያን ቀን ነው። ስልኩን ሳንዘጋው ሁለታችንም አለቀስን፣ ረጅም ሰዓት።

አርባዋ ሲወጣ አክስቴ ቤት ለተሰበሰበው ሰው ግጥሜን አለችው፣ በዜማው። ማታ ደውላ ነገረችኝ። አንዲት ጎረቤታችን «ልጅቷ አለቀሰች፣ እሰይ» ብለዋል አሉ። ይሄን ስሰማ የተሰማኝን ለመግለጽ ይከብደኛል። አውሮፕላን ሳልሳፈር ለቅሶ ቤት ደረስኩ። ሰው ሰማኝ። እዳ ከላዬ ወረደ።

በዚህ መንገድ መሄድ ለሚፈልግ ሰው የምለው ጥቂት ነው። ደስ የሚል ግጥም ለማግኘት አትቸኩሉ። ጨለማ ውስጥ ለተቀመጠ ሰው «ይነጋል» የሚል ግጥም አንዳንዴ ያናድዳል፤ አብሮት የሚቀመጠው ይሻለዋል። የሚነጋው ግጥም በኋላ ይደርሳል። የጻፋችሁትን ደግሞ ወዲያው ለሺህ ሰው አታሳዩ። መጀመሪያ ለአንድ ሰው፣ ሟችን ለሚያውቅ ሰው፣ በድምፅ አንብቡለት። ላይክ አያለቅስም። ሙሾ ነውር ነው፣ ኋላ ቀር ነው የሚሉትንም እሰማለሁ፣ ከተማ ውስጥ እየተተወ እንደሆነም አያለሁ። ፊት መንጨቱ፣ ደረት መድቃቱ ይቅር፣ እስማማለሁ። ቃሉ ግን ለምን ይቀራል? ሟቿን በስሟ፣ በቡናዋ፣ በበሯ የሚጠራ ሌላ ምን አለን?

ግጥም ሁሉን ነገር አልሠራልኝም። እንቅልፍ ለብዙ ጊዜ እምቢ ሲለኝ ሐኪም ጋ ሄጃለሁ፣ ስለ ሐዘኔም ባለሙያ አነጋግሬያለሁ። ሁለቱ አይጣሉም፤ ሐኪም ጋ የሄደ ሰው ደብተሩን አይጥልም።

አሁን እሑድ እሑድ ለአክስቴ እደውላለሁ። ከእናቷ፣ ከአያቷ የሰማችውን ሙሾና እንጉርጉሮ አንድ በአንድ ትነግረኛለች፣ እኔ እየቀዳሁ ደብተሬ ላይ እገለብጣለሁ። አንዳንዱን ስታስታውስ ሥራዋን ትታ ትቀመጣለች፣ ከኋላ የዶሮው ጩኸት ይሰማል። ባለፈው አንዱን ጀምራ ሁለተኛው መስመር ጠፋባት። ባሕር ዳር ያለችው ታላቅ እህቷ ታውቀዋለች ብላ ስልኳን ሰጥታኛለች፣ ነገ እደውልላታለሁ።