ቦርከናን ከኤልበ ጋር ስንለካ

የአካባቢ ጥበቃ ክበብ የምትመሩ ባልደረቦቼ፣ ከጀርመኑ ትምህርት ቤት ጋር የጀመርነው ልውውጥ የት እንደ ደረሰ ስትጠይቁኝ ቆይታችኋል። ዘንድሮ የሚነገር ነገር ስላገኘሁ ልጻፍላችሁ።

ነገሩን ለማያውቅ፦ እኛ ያለነው ደሴ፣ ከጦሳ ተራራ ሥር፣ ቦርከና ወንዝ ዳር ነው፤ እነሱ ሃምቡርግ ውስጥ፣ ኤልበ የተባለው ትልቅ ወንዝ ዳር። መጀመሪያ ላይ ልውውጡ እንደ ብዙዎቹ ነበር። ፎቶግራፍ ላክን፣ ፎቶግራፍ ላኩልን። ቡና ስናፈላ አሳየናቸው፤ እነሱም የወደባቸውን መርከቦች አሳዩን። ሁለታችንም «ምድራችንን እንጠብቅ» የሚል ፖስተር ሥለን ግድግዳ ላይ ሰቀልን። ልጆቹ ተደስተዋል፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን ፖስተሩ ከተሰቀለ በኋላ ማንም ከማንም የሚጠብቀው ነገር አልነበረም።

ለውጡ የመጣው አንድ የጋራ ቅጽ ሲዘጋጅ ነው። ሁለቱም ትምህርት ቤቶች በአንድ ሳምንት ውስጥ የየራሳቸውን ወንዝ ይለካሉ፦ የውሃውን ሙቀት፣ ጥራቱን (ምን ያህል ጥርት ወይም ድፍርስ እንደሆነ)፣ አሲድነቱን፣ በውስጡ የሟሟውን ኦክስጅን፤ ድንጋይ እየገለበጡም ከሥሩ የተገኘውን ነፍሳት ይመዘግባሉ። ቁጥሩ ሳይደርስ ከቀረ ከወዲያ ማዶ «ምነው ዘገያችሁ?» የሚል መልእክት ይመጣል። ስለ ኃላፊነት ብዙ ጊዜ ንግግር አድርጌያለሁ፤ የዚያን መልእክት ያህል የሠራ አላየሁም። መምህር ሳይጠራቸው ቅዳሜ ጠዋት ወንዙ ዳር የሚገኙ ልጆች አሉኝ።

መሣሪያ ከየት ታመጣለህ ለምትሉኝ፣ ቤተ ሙከራችን በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ዕቃ አልባ ስለቀረ ብዙውን ራሳችን ሠራን። የጥራት መለኪያው ቱቦ ከሃይላንድ ጠርሙስ የተሠራ ነው። የሁሉንም አንገት፣ ከታችኛው በቀር ደግሞ የሁሉንም ግርጌ ቆርጠን፣ አንዱን በሌላው ላይ ሰክተን በሲሊኮን አጣበቅን፤ ከሥሩ ሩብ ሩቡ ጥቁርና ነጭ የተቀባ ክብ ፕላስቲክ አስቀመጥን። አንዱ ልጅ የወንዙን ውሃ ቀስ እያለ ያፈስሳል፤ ሌላው ከላይ ሆኖ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ያያል፤ ጥቁርና ነጩ ሲጠፋበት «በቃ!» ይላል፤ ሦስተኛዋ ከጎን የተለጠፈውን ሜትር ታነባለች። ሲሊኮኑ ሳይደርቅ ውሃ ካገኘው ያፈስሳል፤ ሁለት ቀን ብታቆዩት ይሻላል።

በበልግ ዝናብ ማግስት ክቡ ከጥቂት ጣት ውሃ በታች ይጠፋል፤ ከጦሳ ተዳፋት የወረደ አፈር ነው። ልጆቹ አፍረው ነበር፤ የአውሮፓ ወንዝ እንደ መስታወት ጠርቶ የሚፈስ መስሏቸዋል። የሃምቡርጉ ቁጥር ሲመጣ ግን ኤልበም ደፍርሷል። እዚያ የባሕሩ ውሃ በየቀኑ እየሞላና እየጎደለ ደለሉን ያናውጠዋል፤ ለመርከቦቹ ሲባልም ከወደቡ ሥር ደለል በየጊዜው ይዛቃል። የሁለቱ ውሃ በዓይን ሲታይ ተቀራራቢ ነው፤ የእኛው ግን የገበሬ ማሳ ተሸክሞ የሚሄድ ነው። «ደፈረሰ» ብሎ ማለፍ እንደማይበቃ፣ ከየት መጣ ብሎ መጠየቅ እንደሚያስፈልግ ያን ዕለት ገባቸው።

ኦክስጅኑ ደግሞ የባሰ አከራከረን። ጠብታ እየጨመሩ ቀለሙን ከካርድ ጋር የሚያስተያዩበት መለኪያ ከእነሱ በውሰት አግኝተናል። ከከተማው በላይ፣ ጅረቱ ከተራራው ገና ሲወርድ በሊትር ከ6 እስከ 7 ሚሊግራም አገኘን። እነሱ በሚያዝያ ከ9 በላይ ጻፉ። አንድ ተማሪዬ «መምህር፣ የተራራ ውሃችን ከመርከብ ወደብ ውሃ ያንሳል ማለት ነው?» አለኝ፤ ፊቱ ጠቁሯል። የፊዚክስ መምህራችንን ጠራሁ። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ስለዚህ በ20 ዲግሪ ሙቀት በባሕር ጠለል ላይ ያለ ውሃ ቢበዛ 9.1 ሚሊግራም ሲይዝ፣ እዚህ 6.7 ገደማ ከያዘ ጠገበ። እዚህ ውሃ ከ100 ዲግሪ በታች፣ 92 አካባቢ የሚፈላውም በዚሁ ምክንያት ነው። ከዚያ በኋላ ሁለቱም ወገን ውሃው ሊይዝ ከሚችለው ስንት በመቶ እንደያዘም መጻፍ ጀመረ። ሰኔ ላይ የወደቡ ቁጥር በሊትር ከ3 ሚሊግራም በታች ወረደ፤ ለዓሣ አደገኛ የሚባለው መጠን ነው። ከላይ በወንዙ የሚመጣው አልጌ ጥልቁ ወደብ ውስጥ ሲደርስ ብርሃን አጥቶ ይሞታል፤ ሲበሰብስ ኦክስጅኑን ይጨርሰዋል። ይህን የነገሩን የሃምቡርግ ልጆች ናቸው፣ ሳይሸፋፍኑ።

እኛም አልሸፋፈንንም። ከከተማው በላይ ድንጋይ ስንገለብጥ ባለ ሦስት ጭራ እጭ እናገኛለን፤ ንጹሕ ውሃ የሚወድ ነው። ከገበያው በታች ያለው ቀይ ትል ብቻ ነው። ቅላቱ ኦክስጅን አጥብቆ ከሚይዝ፣ ከእኛው ደም ጋር ከሚመሳሰል ንጥረ ነገር የመጣ ስለሆነ ሌላው በማይኖርበት ይኖራል።

እዚያው ልብስ የሚያጥቡ አንዲት እናት «ልጆቼ፣ ከጤና ጣቢያ ናችሁ?» ብለው ጠየቁ። «አይደለም እማማ፣ ከትምህርት ቤት ነን፤ ውሃውን እየለካን ነው» አለቻቸው ተማሪዬ። «እንግዲህ ሳሙናዬን ልትከለክሉኝ ነዋ! ቧንቧው ቢመጣልኝ እዚህ ምን ያመጣኝ ነበር?» ልጅቷ መልስ አልሰጠችም፤ ቅጹ ጠርዝ ላይ ግን በእስክሪብቶ አንድ ዓምድ ጨመረች፦ «በሰፈሩ የቧንቧ ውሃ ነበር? አዎ ወይስ የለም»። አሁን ያ ዓምድ በዋናው ቅጽ ገብቷል፤ ሃምቡርግ የሚሞላውም ነው፣ ሁልጊዜ «አዎ» እያሉ። ቧንቧ በመጣባቸው ቀናት ወንዙ ዳር አጣቢ አይበዛም። በእኔ ግምት ከዚህ ሁሉ ሥራ ትልቁ ግኝት ይህ ዓምድ ነው።

ቆሻሻም መዝነናል፤ ብዙ አልቆይበትም። የእነሱ ቅርጫት ወረቀትና ማሸጊያ፣ የእኛው ቅጠልና አቧራ ነው። ሃይላንዱን እንደሆነ ቆራሌው ቀድሞን ይወስደዋል።

የጉብኝቱ ጉዳይ ግን አላለቀም። ተማሪ ለተማሪ እንጎብኝ የሚል ሐሳብ ሲመጣ፣ የኔዎቹ አስልተው ቀረቡ። ከአዲስ አበባ ጀርመን ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ደርሶ መልስ ለአንድ ሰው በትንሹ አንድ ቶን ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። አንድ ኢትዮጵያዊ በአማካይ በዓመት ከ0.2 ቶን በታች ነው የሚያወጣው፤ አንድ ጀርመናዊ 7 ቶን ገደማ። የሃምቡርግ ልጆች «እንግዲያው አንበርም» አሉ። እኔ አልተስማማሁም። በርሮ የጠገበ ሲተውና በርሮ የማያውቅ ሲከለከል አንድ አይደለም። ለጊዜው መምህራን ብቻ እንዲሄዱ፣ ሲሄዱም ከርመው እንዲመለሱ ተባብለናል።

አሁን ወደ ፊት የሚወስደን ከእነሱ የመጣ ጥያቄ ነው፦ «ከእናንተ በታች ያለው ከተማ ስንት አነበበ?» ለእነሱ የተለመደ ጥያቄ ነው። ኤልበ የሚነሣው ከቼክ ተራሮች ስለሆነ የላይኛው አገር የጣለው ሃምቡርግ ይደርሳል። ከአውሮፓ እጅግ ከተበከሉት ወንዞች አንዱ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1990 ወንዙን የሚጠብቅ የጋራ ኮሚሽን ተቋቁሞ፣ አሮጌ ፋብሪካዎች ተዘግተው፣ ማጣሪያዎች ተሠርተው ነው የተሻለው። የእኛ ቦርከና 25 ኪሎ ሜትር ያህል ወርዶ ኮምቦልቻ ይገባል፤ የዚያን ከተማ የፋብሪካ ፍሳሽ ይዞ ወደ ጨፋ ረግረግ፣ ከዚያም ወደ አዋሽ ይሄዳል። ከሃምቡርግ ጋር በየሳምንቱ ስንጻጻፍ ከኮምቦልቻ ጋር አንድ ቁጥር አልተለዋወጥንም።

ስለዚህ ኮምቦልቻ ያላችሁ የሳይንስ መምህራን፣ ይህን ካነበባችሁ ጻፉልኝ። ትርፍ ቱቦ አለን፤ ቅጹም በአማርኛ ተዘጋጅቷል። በሐረጎ በኩል በሚወርድ ሚኒባስ እልክላችኋለሁ። ከበልግ ዝናብ በፊት አንድ ንባብ ቢኖረን ጥሩ ነው። ክረምት ላይ ትምህርት ቤት ስለሚዘጋ፣ ቤታቸው ወንዙ አጠገብ የሆነ ሁለት ሦስት ልጆችን ከአሁኑ ብትመርጡም ይበጃል።