የሣር ማጨጃው ጥገና በበጋ

ዛሬ የሣር ማጨጃ ማሽኑን ሳጸዳ ዋልኩ። ስለቱን በእጅ ማዞር ብቻ ሞተሩን ሊያስነሳው ስለሚችል፣ ከሁሉ አስቀድሜ የካንዴላውን ገመድ ነቀልኩ። ዘይት ወደ አየር ማጣሪያው እንዳይፈስ ማጣሪያውን ወደ ላይ አድርጌ ሳጋድመው፣ ከሆዱ ሥር እንደ ጭቃ ልስን የደረቀ ሣር ተጋግሮ ስላገኘሁት በእንጨት ፈቅፍቄ አነሳሁት።

ስለቱ ዶልዱሟል፤ የሣሩ ጫፍ በመቆረጥ ፈንታ እየተቦጫጨቀ በፀሐዩ ቡናማ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ሁለቱንም ጎን እኩል ከሞረድኩ በኋላ በመሃል ቀዳዳው ምስማር ላይ ሰቅዬ ሚዛኑን አየሁ፤ አንዱ ጎን ከከበደ ማሽኑ ይንቀጠቀጣል፣ ዘንጉም ይጎዳል። ዘይት በየ50 የሥራ ሰዓቱ መቀየር የተለመደ ቢሆንም፣ ሙቀትና አቧራ በሚበዛበት በበጋ እኔ ቀደም ብዬ መቀየሩን እመርጣለሁ።